አሮጌውን ይዘን እንቀጥል ወይስ እንደ አዲስ እንጀምር?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በእጅ ስለሚሠሩ ካልኩሌተሮች

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። የሚያሳስባቸውም አንድ ጉዳይ ነው፤ አዲስ የምንሠራው ካልኩሌተር ከቀድሞው ጋር እንዲጣጣም ምን ያህል መልፋት ይገባል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ያለን የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ነን። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በ8051 ቺፕ የሠሩትን ካልኩሌተር ትተውልናል። ቦርዱ፣ 4 በ4 ኪፓዱ (የቁልፍ ሰሌዳው) እና ባለ 16 በ2 ኤልሲዲው (16 ፊደል በ2 መስመር የሚያሳየው ማያ) ደህና ናቸው፤ ኮዱ በሙሉ በአሴምብሊ፣ ማለትም በቺፑ በራሱ የትዕዛዝ ቋንቋ ነው። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ሎግና 26 የማስታወሻ ቦታዎች ልንጨምርበት እንፈልጋለን። ግማሾቻችን «ቦርዱንም ኮዱንም ይዘን እንቀጥል» እንላለን፤ ግማሾቻችን «በሌላ ቺፕ እንደ አዲስ እንጀምር» እንላለን። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ «እንደ አዲስ እንጀምር» ያላችሁት ልክ ናችሁ፤ ሁሉንም ግን እንዳትጥሉት። ከቀድሞው ጋር መጣጣም ድካሙን የሚያክስ ጥቅም የሚኖረው፣ ባይጣጣም የሚጎዳ ሰው ሲኖር ነው። ይህ ካልኩሌተር መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው የሚሠራው፤ ፕሮግራም ጽፎ ያስቀመጠበት ሰው የለም። አሴምብሊው ቢቀር የሚቸገር አይኖርም።

ይዛችሁት ብትቀጥሉ ደግሞ ራሙ (ቺፑ በሥራ ላይ ቁጥር የሚይዝበት ማስታወሻ) አያፈናፍናችሁም። የተለመደው የ8051 ዓይነት ቺፕ ኤቲ89ኤስ51 ያለው ራም 128 ባይት ነው። አንድ ባለ 14 አኃዝ ቁጥር በቢሲዲ፣ ማለትም በየባይቱ ሁለት ሁለት አኃዝ እየታሸገ፣ 7 ባይት ይወስዳል፤ ለኤክስፖነንቱና ለምልክቱ 2 ስትጨምሩ 9 ይሆናል። ለስሌት መሥሪያ አራት ቁጥር ብትይዙ 36 ባይት፣ ለ26ቱ ማስታወሻዎች 234 ባይት፣ በድምሩ 270። ያለ ምንም ለውጥ በቦታው የሚገባው ታላቅ ወንድሙ ኤቲ89ኤስ52 እንኳ ያለው 256 ነው። በዚያ ላይ 8051 ለቢሲዲ ያለው አንድ አጋዥ ትዕዛዝ የሚሠራው ከመደመር በኋላ ብቻ ነው፤ ለመቀነስ ማሟያ ቁጥር እየወሰዱ መደመር ግድ ነው። አሮጌውን ኮድ ስታነቡ ብዙ የሚያደክማችሁ ክፍል ምናልባት ይኸው ነው።

አንድ የሚያጓጓ አቋራጭ አለ፤ አስቀድመን እናስጠንቅቃችሁ። ኤቲሜጋ8515 የሚባለው ባለ 40 እግር ቺፕ የእግሮቹ አቀማመጥ ከ8051 ጋር ይገጥማል። ስለዚህ «አሮጌውን ነቅለን ይህን እንሰካ» ማለት ይመጣል። ሲሰኩት ግን ምንም አይሠራም። 8051 ሪሴት የሚሆነው፣ ማለትም ሥራውን አቁሞ ከመጀመሪያው ለመነሣት የሚጠብቀው፣ 9ኛው እግሩ ወደ 5 ቮልት ከፍ ሲል ነው፤ ኤቲሜጋ8515 ደግሞ ወደ ዜሮ ዝቅ ሲል። በተለመደው የ8051 ቦርድ ላይ ከዚህ እግር ወደ 5 ቮልት 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ተያይዟል። ካፓሲተሩ ከሞላ በኋላ ሬዚስተሩ እግሩን ዜሮ ላይ ይይዘዋል፤ አዲሱ ቺፕም ሪሴት ላይ እንዳለ ይቀራል። መፍትሔው የሁለቱን ቦታ ማለዋወጥ ነው፤ ሬዚስተሩ ወደ 5 ቮልት፣ ካፓሲተሩ ወደ ግራውንድ። 31ኛውንም እግር ተመልከቱ። በ8051 ቦርድ ላይ በቀጥታ ከ5 ቮልት ጋር የተያያዘ ነው፤ በኤቲሜጋ8515 ግን ተራ መግቢያና መውጫ ስለሆነ ኮዳችሁ በስሕተት መውጫ አድርጎ ዜሮ ቢያወጣበት ቺፑ ሊቃጠል ይችላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም የአሴምብሊው ኮድ አንድ መስመር አይሠራም፤ የትዕዛዝ ቋንቋው ሌላ ነው። የእግር መገጣጠም የሚያድነው ቦርዱን ብቻ ነው፤ ያ ቦርድ ደግሞ ያን ያህል ውድ አይደለም።

እኛ የምንመክረው የኤልሲዲውን ባለ 16 እግር ማገናኛና የኪፓዱን ባለ 8 እግር ማገናኛ እንዳሉ አስቀርታችሁ፣ መሐል ያለውን ኤቲሜጋ328ፒ በሚባል ቺፕ መተካት ነው። 32 ኪሎ ባይት ፍላሽ (ኮዱ የሚቀመጥበት ማስታወሻ) እና 2,048 ባይት ራም አለው። ለኤልሲዲው 6 እግር ይበቃል፤ አራቱ የላይኛዎቹ የዳታ መስመሮች፣ አርኤስ እና ኢ። አርደብሊውን (ኤልሲዲው ይቀበል ወይስ መልሶ ይናገር የሚለውን እግር) ከግራውንድ ጋር እሰሩት፤ የታችኛዎቹ አራት የዳታ መስመሮች ክፍት ይቅሩ። ለኪፓዱ 8፣ በድምሩ 14 እግር። ከክሪስታሉና ከሪሴቱ የሚተርፉት 20 ናቸው፤ ወደፊት 6 በ7 የሆነ ባለ 42 ቁልፍ ኪፓድ ብትሠሩ እንኳ 13 እና 6፣ 19 ይሆናልና ይበቃል።

ኪፓዱን ስታነቡ በአንድ ጊዜ አንዱን ረድፍ ብቻ ዜሮ አድርጉ። ሌሎቹን ረድፎች 5 ቮልት አታውጡባቸው፤ መግቢያ አድርጋችሁ ተዉአቸው። ያለበለዚያ በአንድ አምድ ላይ ሁለት ቁልፍ አብሮ ሲጫን የአንዱ 5 ቮልት ከሌላው ዜሮ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። 8051 ላይ ይህ ችግር ጎልቶ የማይታየው እግሮቹ ወደ ላይ የሚስቡት በደካማ ኃይል ስለሆነ ነው። አምዶቹ ላይ የቺፑን የውስጥ ሬዚስተር አብሩ። በየ5 ሚሊ ሰከንዱ አንብቡና አራት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ቁልፉን ተቀበሉ፤ ይህ ካልተደረገ አንዴ ተጭኖ ሁለት የሚጽፍ ቁልፍ ይኖራችኋል። ሺፍቱ እንደ ካልኩሌተር ልማድ ተጭኖ የሚለቀቅ ከሆነ በየቁልፉ ዳዮድ ማስገባት አያስፈልግም።

ለቁጥሮቹ በየባይቱ አንድ አኃዝ ብቻ አስቀምጡ። ብክነት ይመስላል፤ ግን 16 ባይት በ30 ቁጥር ሲባዛ 480 ባይት ነው፤ ራሙ ይችለዋል። ኮዱም ሕፃን የሚያነበው ይሆናል፤ አዲሱ ንድፍ ቀላል ነው የምንለው ለዚህ ነው። በሲ ቋንቋ «ደብል» ብላችሁ ለመገላገል አትሞክሩ። በተለመደው የኤቪአር ኮምፓይለር ደብል ማለት ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው፤ የሚታመነው 6 ወይም 7 አኃዝ ብቻ ነው። ለሳይንና ለኮሳይን ኮርዲክን ተጠቀሙ። ጃክ ቮልደር በ1959 ያሳተመው ዘዴ ሲሆን መደመር፣ መቀነስና አኃዝ ማንሸራተት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሳትጥሉ የምታስቀሩት ሌላ ነገር የተጠቃሚውን የእጅ ልማድ ነው። አሮጌው ካልኩሌተር ላይ 2 + 3 × 4 ጻፉ። 20 ካለ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ወዲያው የሚያሰላ ዓይነት ነው፤ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ግን 14 ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ተጠቃሚ አላቸው፤ መሐል ላይ ማምታታት ግን አይገባም። የትኛውን እንደመረጣችሁ ሽፋኑ ላይ ጻፉት። 6 ÷ 2(1 + 2) የሚለውንም አስቡበት፤ ካሲዮ ኤፍኤክስ-991ኢኤስ ፕላስ 1 ሲል ቲአይ-84 ፕላስ 9 ይላል። ክፍል ውስጥ ያሉት ካልኩሌተሮች የሚሉትን ብትከተሉ ተማሪው አይደናገርም።

ጥያቄ፦ አርፒ2040 ቺፕ ያለበትን ባለ 3.3 ቮልት ቦርድ ከድሮ ባለ 5 ቮልት 16 በ2 ኤልሲዲ ጋር አገናኝቻለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ በደንብ ይነበብ ነበር፤ ሸዋ ሮቢት ሳመጣው ግን ማያው በጥቁር ሳጥን ተሞላ። የቮልቴጁ አለመጣጣም ነው? ኤልሲዲውን ልቀይረው?

መልስ፦ ሳጥኑን ያመጣው ሙቀቱ ነው። ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት በከፍታ ከ1,400 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ ዝቅ ያለው ሸዋ ሮቢት ይሞቃል። የኤልሲዲ ፈሳሽ ሲሞቅ በትንሽ ቮልት ይጠቁራል፤ ሲበርደው ብዙ ቮልት ይፈልጋል፤ አኃዙንም ቀስ ብሎ ነው የሚቀይረው። የኤልሲዲው 3ኛ እግር ላይ ያለውን 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሺዮሜትር ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 5 ቮልት በኩል ትንሽ ያዙሩት፤ ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ሲወጡ ወደ ግራውንድ በኩል ይመልሱት። ካልኩሌተሩን ሳይከፍቱ በትንሽ ብሎን መፍቻ እንዲደርሱበት ሽፋኑ ላይ ቀዳዳ ያብጁለት። በቁልፍ እንዲስተካከል ከፈለጉ ከቺፑ አንድ የፒደብሊውኤም እግር (ፈጥኖ እየበራ እየጠፋ ቮልቱን የሚያመጣጥን) በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አውጥተው፣ ከሬዚስተሩ ማዶ ወደ ግራውንድ 10 ማይክሮ ፋራድ አያይዘው ለ3ኛው እግር ይስጡት። ፖቴንሺዮሜትሩ ያን ጊዜ ይወጣል።

የቮልቴጁ ነገርም መታየት አለበት። የኤችዲ44780 ዓይነት ኤልሲዲ (የተለመደው 16 በ2) በ5 ቮልት ሲሠራ ከ2.2 ቮልት በላይ የሆነውን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ስለዚህ የ3.3 ቮልቱን ምልክት ያነባል። አደጋው የሚመጣው ኤልሲዲው መልሶ ሲናገር ነው፤ ያን ጊዜ 5 ቮልት ያወጣል፤ የአርፒ2040 እግሮች ደግሞ 5 ቮልት አይችሉም። አርደብሊው ከግራውንድ ጋር መታሰሩን ያረጋግጡ። ከታሰረ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚለውን ምልክት ማንበብ ስለማይቻል በኮዱ ውስጥ ጠብቁ፤ ማያ ለሚያጸዳው ትዕዛዝ 2 ሚሊ ሰከንድ፣ ለሌሎቹ 50 ማይክሮ ሰከንድ። ወደፊት 5 ቮልት የሚሠሩ የ74 ተከታታይ ቺፖች ካስገቡ 74ኤችሲቲ ይምረጡ። 74ኤችሲ በ5 ቮልት ሲሠራ 3.5 ቮልት ይፈልጋልና 3.3ቱ አይበቃውም፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ እንዲህ ያለ ብልሽት ለማግኘት አድካሚ ነው።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ የምሠራ ቀያሽ ነኝ። የመሬት ልኬት ስሌቶቼ በሙሉ የተጻፉት ለኤችፒ-41ሲቪ ካልኩሌተር ነው፤ ፕሮግራሞቹ በወረቀት ላይ አሉኝ። ካልኩሌተሩ ባትሪው አፍስሶበት አንዳንዴ እየጠፋ ያስቸግረኛል። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ «አዲስ እሠራልሃለሁ፣ ፕሮግራሞቹን ግን እንደገና ጻፋቸው» አለኝ። ልስማማ?

መልስ፦ አይስማሙ። እርስዎ ከላይ ያልነው «የሚጎዳ ሰው» ነዎት። በመስክ የተፈተኑ ፕሮግራሞች እንደገና ሲጻፉ አዲስ ስሕተት ይገባባቸዋል፤ ስሕተቱም ሰው ወሰን ላይ ነው የሚያርፈው።

በቅድሚያ የያዙትን ለማዳን ይሞክሩ። ወረቀቶቹን በስልክ ፎቶ አንሡና ሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ከዚያ ባትሪዎቹን አውጡ። ከአልካላይን ባትሪ የሚፈሰው ቤዝ ነው፤ ጥጥ በሆምጣጤ ነክሮ መገናኛዎቹን መጥረግ፣ ቀጥሎ በአልኮል ማጽዳትና በደንብ ማድረቅ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። የመገናኛው ሽፋን ስስ ስለሆነ በአሸዋ ወረቀት አይፈግፍጉት።

ካልዳነ ባለሙያው ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው የድሮውን ቺፕ ራሱን በሶፍትዌር ማስመሰል ነው። የኤችፒ-41ሲ አንጎለ ኮምፒውተር በሰከንድ 6,000 ገደማ ትዕዛዝ ብቻ ነው የሚፈጽመው፤ የዛሬ ርካሽ ቺፕ ይህን ያለ ችግር ይከተለዋል። የፋብሪካው ፕሮግራም 12,288 ባለ 10 ቢት ቃላት ነው። እያንዳንዱ በሁለት ባይት ቢቀመጥ 24,576 ባይት ይሆናል፤ በኤቲሜጋ328ፒ ፍላሽ ውስጥ ይገባል። የማይገባው ማስታወሻው ነው። የእርስዎ 41ሲቪ 319 ሬጅስተሮች (የቁጥርና የፕሮግራም ማስቀመጫ ቦታዎች) አሉት፤ እያንዳንዱ 7 ባይት ነው፤ 2,233 ባይት ማለት ነው፤ ቺፑ ግን 2,048 ብቻ አለው። ስለዚህ ባለሙያው 264 ኪሎ ባይት ራም ያለውን አርፒ2040 የመሰለ ይምረጥ። በዚህ መንገድ ውጤቱ እስከ መጨረሻው አኃዝ ድረስ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሆናል። የፋብሪካው ፕሮግራም ባለቤት ግን ኩባንያው ነው፤ ከእርስዎ ካልኩሌተር ላይ መቅዳት አንድ ነገር ነው፣ ቀድቶ መሸጥ ሌላ።

ሁለተኛው መንገድ ለእርስዎ የተሻለ ይመስለናል። ፍሪ42 የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ በ1988 የወጣውን ኤችፒ-42ኤስን እንደ አዲስ ጽፎ የሚተካ እንጂ የኩባንያውን ኮድ የያዘ አይደለም። 42ኤስ አብዛኞቹን የ41 ፕሮግራሞች ይቀበላል። በአንድሮይድ ስልክ ይሠራል፤ ስዊስማይክሮስ በ2017 ያወጣው ዲኤም42 የሚባለው ባለ ቁልፍ ካልኩሌተርም ውስጡ ይኸው ነው። ዛሬውኑ በስልክዎ ጭነው አንዱን ፕሮግራም ከወረቀት ላይ ይጻፉበት።

ይህ መንገድ አንድ የሚያሰናክል ነገር አለው፤ ደህና አድርገው ይያዙት። 41 የሚይዘው 10 አኃዝ ነው፣ 42ኤስ 12፣ ፍሪ42 ደግሞ 34። √2ን አውጥተው በራሱ አባዝተው 2 ቢቀንሱ 41 ላይ −0.000000001 ይመጣል፤ 42ኤስ ላይ −0.00000000001፤ ፍሪ42 ላይ ከዚያ እጅግ ያነሰ። ፕሮግራምዎ ውስጥ «ሁለቱ ቁጥሮች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ድገም» የሚል ቦታ ካለ፣ በ10 አኃዝ ቶሎ እኩል የሚሆኑት ቁጥሮች በ34 አኃዝ ላይ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ ፕሮግራሙም ሳያቆም ይዞራል። መፍትሔው ከማነጻጸሩ በፊት ልዩነቱን ማጠጋጋት ነው፤ ማሳያውን «ፊክስ 6» ላይ አድርገው «አርኤንዲ» የሚለውን ትዕዛዝ ያስገቡ። በተረፈ ከተጨማሪ ሞጁል የመጡ ትዕዛዞች ካሉ ለብቻ መተካት አለባቸው።

ሥራውን ከመረከብዎ በፊት ይፈትኑት። በዲግሪ ሁነታ 9 ጽፈው ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት፣ ከዚያ በተገላቢጦሽ አርክ ታንጀንት፣ አርክ ኮሳይን፣ አርክ ሳይን ይጫኑ። ኤችፒ-41 9.000417403 ይላል፤ 42ኤስ 8.99999864267። የተሠራልዎ ካልኩሌተር 41ን በቺፕ ደረጃ ያስመስላል ከተባለ የመጀመሪያውን ቁጥር ያለ አንዳች ለውጥ ማምጣት አለበት። 9 ብቻ ካመጣ ስሌቱ የተሻለ ነው፤ ማስመሰሉ ግን እውነት አይደለም። ቀጥሎ ከዚህ በፊት ዘግተው ያስረከቡትን አንድ የልኬት ሥራ ከማስታወሻ ደብተርዎ አውጥተው ሁሉንም ነጥቦች ያስሉ፤ መጋጠሚያዎቹ እስከ ሚሊ ሜትር መመሳሰል አለባቸው።

ጥያቄ፦ ዓለም ከተማ ነኝ። ካልኩሌተር ለመሥራት ዚ80 ቺፕ ልገዛ አስቤ ነበር፤ ጊዜው አልፎበታል?

መልስ፦ ለመማር ከሆነ ጥሩ ነው፤ የሚከተለው ሰው እንዲኖር ለሚፈልጉት ዕቃ ግን አይሁን። አምራቹ ዛይሎግ የባለ 40 እግሩን ዚ80 የመጨረሻ ትዕዛዝ የተቀበለው በ2024 ነው። አሁን በርካሽ ከሚሸጠው መካከል ስሙ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት አለ፤ ከገዙ በዝቅተኛ ክሎክ (የሥራ ፍጥነት)፣ በ1 ሜጋ ኸርዝ ገደማ መጀመሪያ ይሞክሩት። ወራሹ ኢዚ80 ግን ይመረታል። ቲአይ በ2015 ካወጣው ቲአይ-84 ፕላስ ሲኢ ጀምሮ የሚጠቀመው እሱን ነው። ኢዚ80 የዚ80ን ትዕዛዝ ያውቃል፤ ሆኖም የድሮዎቹ የቲአይ-84 ፕላስ የአሴምብሊ ፕሮግራሞች እዚያ ላይ አይሠሩም፤ ማያው ከ96 በ64 ወደ 320 በ240 ባለ ቀለም ተቀይሯል፣ የማስታወሻውም አድራሻ ተለውጧል። በቤዚክ ቋንቋ የተጻፉት ግን አብዛኞቹ ተሻገሩ። ኤችፒ በ2003 በ49ጂ+ ሌላ መንገድ መርጧል፤ ኤአርኤም ቺፕ አስገብቶ የድሮውን ሳተርን ቺፕ በሶፍትዌር አስመሰለ። ለእርስዎም የሚበጀው ይህ ነው፤ ዚ80ን ከፈለጉ በአርፒ2040 ላይ ያስመስሉት።

ጥያቄ፦ አንኮበር የማስተምር የሒሳብ መምህር ነኝ። መብራት በሚጠፋበትም ጊዜ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ዓመት የሚቆይ ካልኩሌተር ለተማሪዎቼ መሥራት እፈልጋለሁ። ፒኮ ቦርድ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። አርፒ2040 ያለበት ፒኮ ቦርድ በጥልቅ እንቅልፍ ላይ እያለ እንኳ 0.8 ሚሊ አምፒር ገደማ ይወስዳል። ሁለት ባለ ሦስት ኤ አልካላይን ድንጋይ 1,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይዟል ብንል 1,250 ሰዓት፣ ማለትም 52 ቀን ነው፤ ያውም ማንም ሳይነካው። ቦርድ የሌለው ባዶ ኤቲሜጋ328ፒ ግን ዎችዶጉ (ቺፑ ሲንጠለጠል እንደገና የሚያስነሣው ሰዓት ቆጣሪ) ጠፍቶ ሲተኛ ከ1 ማይክሮ አምፒር በታች ነው የሚወስደው። ድንጋዮቹ ሲዳከሙ ወደ 1.8 ቮልት ስለሚወርዱ ክሎኩን ከ4 ሜጋ ኸርዝ አያሳልፉ፤ ቺፑ 16 ሜጋ ኸርዝ የሚችለው ቮልቴጁ ከፍ ሲል ነው። ከመተኛቱ በፊት ሁሉም ረድፎች ዜሮ ይሁኑ፤ አምዶቹ ላይ የውስጥ ሬዚስተሩ ይብራ፤ ያን ጊዜ የትኛውም ቁልፍ ሲነካ ይነቃል።

ከቀድሞው ጋር መጣጣም በባትሪ የሚያስከፍለው በማያው በኩል ነው። የድሮው 16 በ2 ኤልሲዲ 5 ቮልት ይፈልጋል፤ ከሁለት ድንጋይ 5 ቮልት ማውጫ ወረዳ መጨመር አለብዎት፤ ያም ይበላል። ኖኪያ 5110 ተብሎ የሚሸጠውን 84 በ48 ነጥብ ማያ ይውሰዱ። ከ2.7 እስከ 3.3 ቮልት ይሠራል፤ መብራቱ ከጠፋ የሚወስደው ከ1 ሚሊ አምፒር በእጅጉ ያነሰ ነው። ድንጋዮቹ ከ2.7 በታች ሲወርዱ መጀመሪያ የሚደበዝዘው እሱ ስለሆነ ለመቀየሪያ ምልክት ይሆንዎታል። የማያውን ኃይል በትራንዚስተር የሚያጠፉ ከሆነ የዳታ እግሮቹንም ሁሉ ዜሮ ያድርጉ። አንዱ ከፍ ብሎ ከቀረ ማያው በዚያ እግር በኩል ኃይል መውሰዱን ይቀጥላል፤ ባትሪውም ምክንያቱ ሳይታወቅ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ነኝ። በኤቲሜጋ328ፒ ካልኩሌተር ሠርቼ የቀን ስሌት ልጨምርበት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር፣ ቢቻል በግእዝ ቁጥር። ኤችፒ-12ሲ ላይ የለመድኩት የቀን አጻጻፍ አለ፤ እሱን ልከተል ወይስ የራሴን ላምጣ?

መልስ፦ አጻጻፉን ይከተሉ፤ ውስጡን የራስዎ ያድርጉት። በ12ሲ ቀን ከወር በሚቀድምበት ሁነታ የሚጻፈው ቀን፣ ነጥብ፣ ባለ ሁለት አኃዝ ወር፣ ባለ አራት አኃዝ ዓመት ሆኖ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ማለት 1.012000 ነው። ለእኛ 13 ወርም ይበቃል፤ የለመደ እጅም አይቸገርም።

ስሌቱ ከአውሮፓው አቆጣጠር ይልቅ ቀላል ነው፤ ወሮቹ እኩል 30 ስለሆኑ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። የቀኑ ተራ ቁጥር = 365 × ዓመት + (ዓመት ÷ 4፣ ትርፉ ተጥሎ) + 30 × ወር + ቀን + 1723825። ይህ ሥነ ፈለክ ላይ የሚሠራበት የጁልያን ቀን ቁጥር ስለሆነ ወደ አውሮፓው አቆጣጠር መሻገርም ይቀልላል። ለ7 ተካፍሎ የሚተርፈው 0 ከሆነ ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ይቀጥላል። ጳጉሜን 6 የሚኖራት ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ በሌላ ዓመት 6.13 ተብሎ ሲጻፍ ካልኩሌተሩ «ስሕተት» ይበል።

ቀኑን እንደ ተራ የነጥብ ቁጥር በ32 ቢት እንዳያስቀምጡት። በዚያ መጠን በ16 እና በ32 መካከል ያሉ ቁጥሮች የሚራራቁት በ0.0000019 ገደማ ነው፤ 30.122016 እና 30.122017 ውስጥ ሲገቡ ፍጹም አንድ ቁጥር ይሆናሉ። ነሐሴ 30 ቀን 2016 እና ነሐሴ 30 ቀን 2017 ተለይተው አይታወቁም ማለት ነው። ቀን፣ ወርና ዓመቱን ከተጻፉት አኃዞች ላይ በቀጥታ እየለዩ በሙሉ ቁጥር ይያዙ።

የግእዙ ቁጥር በ16 በ2 ኤልሲዲም ይሆናል። ኤልሲዲው ራስዎ የሚሥሉትን 8 ምልክት ብቻ በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ የግእዝ ቁጥር ምልክቶች 20 ናቸው። ግን ከ10,000 በታች ያለ ማንኛውም ቁጥር ቢበዛ 5 ምልክት ነው የሚፈልገው፤ 2017 ለምሳሌ ፳፻፲፯ ነው። ዓመቱ 5፣ ቀኑ 2፣ በድምሩ 7፤ ወሩን በተራ አኃዝ ከተዉት ይበቃል። ማያው በተቀየረ ቁጥር የሚያስፈልጉትን ምልክቶች ብቻ እንደገና ይጫኑ። ስፋቱ 5 በ8 ነጥብ ስለሆነ የላይና የታች መስመሮቻቸው ሁለት ረድፍ ይወስዳሉ፤ ለመሐሉ 6 ብቻ ይቀራል፤ ፶ና ፷ እንዳይመሳሰሉ በወረቀት ላይ ሥለው ይሞክሩ። ወደ 128 በ64 ኦሌድ ከተሻገሩ ያምራል፤ ሙሉ ሥዕሉን በራም ከያዙት ግን 1,024 ባይት፣ የቺፑን ግማሽ ይወስዳል። በስምንት በስምንት ረድፍ እየከፈሉ ቢልኩት 128 ባይት ይበቃል።

ሲጨርሱ እነዚህን ይሞክሩ፦ መስከረም 1 ቀን 2000፣ 2454356፣ ረቡዕ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ 2460199፣ ሰኞ። መስከረም 1 ቀን 2016፣ 2460200፣ ማክሰኞ። በመጨረሻዎቹ ሁለት መካከል ልዩነቱ 1 ካልሆነ ዓመቱን ለ4 ሲያካፍሉ ትርፉ ሳይጣል ቀርቷል።